ምድጃ የገባው ሲሊንደር

ጠንቃቃ ናት የሚባልልኝ ሴት ነኝ። ሥራ ቦታም እንደዚያ ይሉኛል፣ ቸርችም እንደዚያ ይሉኛል። ይቺው ጠንቃቃ ሴት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ለመግደል ምን ያህል ቀርቷት እንደነበር ልጽፍላችሁ ነው የተቀመጥኩት። ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። ነገሩን ብቻዬን ይዤው መዞር ደክሞኝ ነው።

የሺ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ዳላስ ስመጣ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈር ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርቼ እንግሊዝኛ ጀመርኩ፣ በአርባ ሰባት ዓመቴ የሁለተኛ ደረጃውን ፈተና አልፌ ወረቀቴን ተቀበልኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል አለው፤ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሻምፑ ጀርባ፣ የቤት ኪራይ ውል እስከ መጨረሻው ገጽ። ሰው የማይጨርሰውን እኔ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ። አሁን የምኖረው ከዳላስ ወጣ ብሎ ካሮልተን ብቻዬን ነው፤ ቤቴ ውስጥ ከሰው ይልቅ መጽሐፍ ይበዛል።

የምሠራው ጎረቤት ከተማ ሌዊስቪል ውስጥ ብረት ቀለም የሚቀባ ወርክሾፕ ነው። የምንቀባው ቀለም ፈሳሽ አይደለም፣ ደረቅ ዱቄት ነው። ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ብረቱ መኪና የሚያስገባ ትልቅ ምድጃ ውስጥ ገብቶ በአራት መቶ ፋራናይት ይጋገራል። ሲወጣ እንደ መስተዋት ነው። የእኔ ድርሻ ቀለም መንካት የሌለበትን ቦታ መሸፈን ነው። የብሎን ጥርሱን በጎማ ውታፍ፣ ቁጥር የተቀረጸበትን በቴፕ። ሰባት ዓመት ስሠራ በእኔ ስህተት ተመልሶ የመጣ አንድ ዕቃ የለም። አለቃችን ሬይ የወርክሾፑን ቁልፍ የሰጠኝም ለዚህ ነበር። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከፍቼ የምገባው፣ ምድጃውን የማሞቀው እኔ ነበርኩ።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ደምሴ ፓርኪንጉ ውስጥ በእጃቸው ጠሩኝ።

«የሺ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው።»

«ምን ችግር አለው፣ ጋሽ ደምሴ።»

«እንዳትስቂብኝ ብቻ።»

የመኪናቸውን ኋላ ከፈቱ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ገለጡልኝ። ትልቅ ፔርሙስ የሚያክል፣ ጥቁር ቀለሙ የተላላጠ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ነው።

«የጠመንጃዬ አየር ማጠራቀሚያ ነው» አሉ።

ጠመንጃ እንዳላቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እውነተኛውን ጠመንጃ ልጃቸው ሄለን ቤት አላስገባ ብላቸዋለች። ይሄኛው ግን ባሩድ የለውም፤ ጥይቱን የሚገፋው በሲሊንደሩ ውስጥ በኃይል ታጭቆ የሚሞላ አየር ነው። ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው ፖሊስ ሠራዊት ውስጥ የኢላማ ተኩስ ተወዳዳሪ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሁለት ዓመት ከቤት አልወጡም። ከዚያ አንድ ጎረቤታቸው ወደ ዴንተን መውጫ ወዳለ የኢላማ ክበብ ወሰዳቸው፣ ያገለገለ የአየር ጠመንጃ ገዙ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቆርቆሮ የተቆረጡ ወፎችን እየመቱ መጣል ጀመሩ። ሰው ሆኑ ማለት ይቻላል።

«የፈረንጆቹ ጠመንጃ ሁሉ የሙሽራ መኪና ይመስላል» አሉኝ። «የኔ ብቻ በግማሽ የተላጠ ድንች። ሲያዩት አያለሁ እኮ። ምንም አይሉም፤ ግን ያዩታል። በዚያ ምድጃችሁ ጥቁር አረንጓዴ ብታደርጊልኝ... አየሩን አስወጥተንለታል፣ ቫልቩንም ፈትተነዋል፣ ባዶ ነው።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሬይ እሱ ሳያየው ምንም ነገር ምድጃ እንዲገባ አይፈቅድም። የቀጠረኝ ቀን የነገረኝ የመጀመሪያው ደንብ ነው። ነገር ግን እኚህ ሰውዬ መኪና ሳይኖረኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ሐሙስ ትምህርት ቤት አድርሰው የመለሱኝ ናቸው። አንድም ቀን ደከመኝ አላሉም። እንዴት አድርጌ «አለቃዬን ልጠይቀው» እላቸዋለሁ? የሚያስፈቅዱ መስሎ ይሰማቸዋል ብዬ አፈርኩ።

«እሺ» አልኩ። «ግን አንድ አደራ አለኝ። ማን ቀባው ቢባሉ የሺ እንዳይሉ። ሳላስፈቅድ ምድጃውን እንደተጠቀምኩ ከታወቀ በዚያው ቀን ነው የምባረረው።»

«እኔ ደምሴ? ምላሴን ይቁረጡት እንጂ ከአፌ አይወጣም!»

ረቡዕ ንጋት ላይ ሌሎቹ ሳይመጡ ሠራሁት። የቀረውን ጥቁር ቀለም በአሸዋ ግፊት ገፈፍኩት። የአንገቱን ጥርስ በውታፍ ዘጋሁ። አንገቱ ዙሪያ የተቀረጹትን ፊደሎችና ቁጥሮች አንድ በአንድ በቴፕ ሸፈንኩ፤ ቀለም ገብቶባቸው እንዳይጠፉ። ጎኑ ላይ ግማሹ የተቀደደ፣ ፊደሉ የደቀቀ ስቲከር ነበረበት። የሻምፑን ጀርባ እንኳ የማላልፈው ሴትዮ ያን ቀን ሰዓት እያየሁ ነበርና ሳላነበው በምላጭ ፋቅኩት። ከዚያ አረንጓዴውን ዱቄት ነፋሁበት፣ ምድጃ አስገባሁት፣ ሃያ ደቂቃ። ሲወጣ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ዓርብ ሥራ ውዬ ስመለስ ጋሽ ደምሴ ቤቴ መጥተው ወሰዱት። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

«ይሄማ ከፋብሪካ የወጣ ነው፣ የሺ። ነገ አየሩን አስሞላና... ነገ ያዩኛል!» አሉ። እንደዚያ ሲስቁ ከባለቤታቸው ቀብር ወዲህ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ እስከ ቀትር ብቻ ነው የምንሠራው። አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አንድ ደንበኛ በፒክአፕ መጣ። የዋና ሰዎች ባሕር ውስጥ ሲጠልቁ ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉት የአየር ሲሊንደር አለ አይደል? አራት ይዞ መጣ፣ አሉሚኒየም ናቸው፣ ብርቱካናማ ይሁኑልኝ አለ። እኔ ከጠረጴዛዬ አጠገብ የበር ማጠፊያ እየሸፈንኩ ነበር። ሬይ አንዱን አነሳና መልሶ ፒክአፑ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄን አልጋግርም» አለው።

«ባዶ ናቸው እኮ። ምን ይሆናሉ?»

«ባዶ መሆናቸው አይደለም። አሉሚኒየም ምድጃችን ውስጥ ከገባ ጥንካሬው ይሄዳል። ከውስጥ ይለሰልሳል። ከዚያ አየር ስታስሞላው ማንም ዋስትና አይሰጥህም። የሚረጭ ቀለም ግዛና ግቢህ ውስጥ ቀባው፣ እሳት ግን አታሳየው።»

ሰውየው እያጉረመረመ ሄደ። የእኔ እጅ ቴፑን እንደያዘ ቆሟል።

«ሬይ» አልኩት፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንስ? ሃያ ደቂቃ?»

«አንድ ጊዜ ይበቃል። መጥፎው ነገር ከላይ ምንም አይታይም። እንዲያውም ያምራል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንዱ ሲሞላው ይፈነዳል፤ ወይ አይፈነዳም። እኔ ግን አጠገቡ አልቆምም። ምነው?»

«ለማወቅ ነው።»

«ፕሮፌሰር!» ብሎ ሳቀብኝና ወደ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ሄደ። ማንበብ ስለማበዛ ነው እንደዚያ የሚለኝ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ጋሽ ደምሴ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደገምኩ። አይነሳም። ሄለን ጋ ደወልኩ። ሄለን እዚሁ ያደገች ነርስ ናት፣ ሥራ ላይ ነበረች።

«ሃይ አንቲ የሺ! ደህና ነሽ?»

«ሄለን፣ አባትሽ የት ናቸው?»

«ዳዲ? ዛሬ እኮ ሹቲንግ አለው። ማለቴ፣ ኦልረዲ ወጥቷል። ለምን? ምን ሆነ?»

«ስልካቸውን አያነሱም።»

«ሲነዳ ሳይለንት ያደርገዋል። ዌይት፣ ሎኬሽኑን ቼክ ላድርግ። ትራክ እንደማደርገው አያውቅም፣ ሶ እንዳትነግሪው ኦኬ?... እዚህ ነው። ዳይቪንግ ሾፕ። ድሮ ቪከሪ ሜዶ የነበርሽበት፣ ከዛ ጋ ሩቅ አይደለም። ሁሌ እዛ ነው አየር የሚሞላ።»

«የዚያን የጠላቂዎች ሱቅ ስልክ ፈልገሽ ላኪልኝ። አሁን።»

«አንቲ፣ እያስፈራሽኝ ነው።»

«ላኪልኝ፣ የኔ ልጅ። በኋላ እነግርሻለሁ።»

ላከችልኝ። ከሌዊስቪል እዚያ ድረስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ነድቼ አልደርስም። ደወልኩ። አንድ ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው አነሳ። እንግሊዝኛዬ ስደነግጥ ይጠፋኛል፤ ያን ቀን ግን አንድም ቃል አልጠፋኝም። አረንጓዴ ሲሊንደር ይዘው የመጡ አዛውንት አሉ ወይ አልኩት። አሉ አለኝ። ያ ሲሊንደር ምድጃ ገብቷል፣ አትሙላው አልኩት።

«ቆይ፣ ልጠይቃቸው» አለና ስልኩን ከአፉ አራቀው። የሚነጋገሩት ግን ይሰማኛል።

«ጌታዬ፣ ይሄ ዕቃ ምድጃ ገብቶ ነበር እንዴ?»

«ኖ፣ ኖ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ኖ ኦቨን። ፋብሪካ ፔይንት።»

«የደወለችውን ሴትዮ ያውቋታል?»

«ኖ» ሲሉ ሰማሁ። «አላውቃትም።»

ጮህኩ። «አገናኘኝ! ስጣቸው ስልኩን!» ሰውየው ግራ ገብቶት ሰጣቸው።

«ጋሽ ደምሴ! የሺ ነኝ!»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይዞሽ» አሉኝ። «ምንም አልተናገርኩም።»

«ይናገሩ! ይንገሯቸው! ሲሊንደሩ ሊፈነዳ ይችላል፣ ምድጃው አበላሽቶታል፣ የሺ ነች የጋገረችው ይበሏቸው!»

«ገባኝ፣ ገባኝ። አለቃሽ አጠገብሽ ነው አይደል? እንድትናገሪ አድርጎሽ ነው። አጠገብሽ ከሆነ አንድ ጊዜ አስይ፣ እኔ ይገባኛል።»

«ማንም የለም! ብቻዬን ነኝ፣ መታጠቢያ ቤት...»

የምሠራው ዱቄት ውስጥ ነው። ጭንብል ብናደርግም ጉሮሯችን ውስጥ ይገባል፤ ስንጮህ ደግሞ ይብሳል። እዚያው ላይ ሳል ያዘኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ድረስ።

«በቃ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ሐዘን ባለው ድምፅ። «በርቺ፣ እህቴ። እኔ አልከዳሽም።» ዘጉት።

መልሼ ደወልኩ። አይነሳም። እዚያች ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መስተዋቱ ላይ ራሴን አየሁት፤ ቅንድቤ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። ሰውየው እንዳይናገሩ አድርጌ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። ቢሞቱ የሚሞቱት ቃላቸውን ጠብቀው ነው። የሚሰሙት አንድ ሰው ቀርቷል፤ እሱም ምድጃው የሱ የሆነው ሰው ነው።

ወጣሁ። ሬይ ፎርክሊፍቱ ላይ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆምኩ፤ እጁን አወራጨብኝ፣ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆነሻል? ልትገጭ ነው እንዴ?»

«ረቡዕ ሳላስፈቅድህ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ጋግሬያለሁ» አልኩት። «የጠመንጃ አየር ማጠራቀሚያ ነው። አሁን ሱቅ ውስጥ እየሞሉት ነው። እኔን አላመኑኝም። አንተ ደውል።»

ሬይ እጁን ዘረጋ፣ ስልኬን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ተነሳ።

«ስማኝ» አለ። «ሌዊስቪል ያለው የቀለም ወርክሾፕ ባለቤት ነኝ። አረንጓዴው ሲሊንደር በእኔ ምድጃ አራት መቶ ዲግሪ ገብቷል። ሽማግሌው የሚሉህን ተወው። አሁን የት ነው ያለው?... ስንት ደርሷል?... አጥፋው። አትንካው፣ አጥፋና ሁላችሁም ከዚያ ክፍል ውጡ። አየሩን ከሩቅ የምትለቅበት አለህ? እንደዚያ አድርግ። አልዘጋም፣ እጠብቃለሁ።»

እንዲህ ሆነን ቆምን። ሬይ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዟል። እኔ ወለሉን አያለሁ። የሚሰማው የምድጃው ማራገቢያ ብቻ ነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ሌሎቹ ሠራተኞች አንድ በአንድ ሥራቸውን አቁመው ወደ እኛ ዞረዋል። ጸለይኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልጸለይኩም። የፋቅኩትን ስቲከር ነበር የማስበው፤ ምን ይል ነበር እያልኩ።

«እሺ» አለ ሬይ በመጨረሻ። «ዜሮ ነው? እርግጠኛ ነህ?... እግዚአብሔር ይስጥህ።» ስልኩን መለሰልኝ። «ከግማሽ በላይ ሞልቶት ነበር» አለኝ። «ሽማግሌው አጠገቡ ቆመው ነበር።»

ፎርክሊፍቱ ላይ ተደገፍኩ።

«ሂጂ» አለኝ። «ሂጂና ሰውዬሽን እዪ። ሰኞ እንነጋገራለን።»

በሠላሳ አምስት ሀይዌይ ወረድኩ። መኪናው ሁሉ ያልፈኛል። ሱቁ ስገባ ጋሽ ደምሴ የዋና ጫማ ከተደረደረበት መደርደሪያ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ሲሊንደሩ ባንኮኒው ላይ ነው፤ ያብረቀርቃል። ባለሱቁ ጢማም ሰውዬ ነው፤ ቅድም ከኔ ጋር ያወራው። ሰላምታ አልሰጠኝም፣ አልፈርድበትም።

«ጋሽ ደምሴ...»

ቀና ብለው አላዩኝም። «ውሸታም አደረግሽኝ» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ለሰው ብዬ ነው ብዬ፣ ለአደራ ብዬ ነው ብዬ። ከዚያ አለቃሽ ደወለ፤ ይሄ ሰውዬ እንዴት አድርጎ እንዳየኝ ብታይ። እንደ ሌባ ነው ያየኝ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ አደራዬን ነው የጠበቁት።»

«ታዲያ ራስሽ አውጥተሽ ትናገሪዋለሽ?»

ምን እላለሁ? ሊሞቱ ነበር ብላቸው የሚያውቁት ነው። ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ። ይህን ዕቃ ከእንግዲህ ማንም ሊሞላው አይገባም፣ አንገቱን ቆርጬ ከጥቅም ውጭ ማድረግ አለብኝ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግን መቁረጥ አልችልም አለ። ለጋሽ ደምሴ በአማርኛ ነገርኳቸው።

«አይቆረጥም» አሉ ተነሥተው። «ቤቴ አስቀምጠዋለሁ። ለጌጥ።»

«ጋሽ ደምሴ፣ አያስቀምጡት።»

«የኔ ነው። ገዝቼዋለሁ።»

«አንድ ቀን ሄለን ትሸጠዋለች። ወይ ለሰው ትሰጠዋለች፤ ታሪኩን አታውቅም። ያየው ሁሉ ያማረ ዕቃ ነው የሚለው። እርስዎ ዛሬ ተርፈዋል። እኔ ግን ይሄ ነገር እንደ ተሞላ ሆኖ ነው የምተኛው። ለኔ ብለው ዋሽተዋል፤ ለኔ ብለው ደግሞ ያስቆርጡት።»

አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳለፉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ባለሱቁን «ካት» አሉትና ወደ ውጭ ወጡ። መጋዙ ሲጮህ እኔ ቆሜ አየሁ። ቀለሙ አልተላጠም። መጋዙ አጠገብ እንኳ አልተሰነጠቀም፤ ጥሩ አድርጌ ነበር የቀባሁት።

ሰኞ ዕለት ሬይ ቁልፉን ወሰደ። ሁለት ሳምንት ከሥራ አገደኝ። ስመለስ ከመሸፈኛው ጠረጴዛ አንስቶ ብረት መፋቂያው ላይ አደረገኝ፤ እስካሁንም እዚያ ነኝ። አልጮኸብኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፦ «ብትጠይቂኝ ኖሮ አሥር ሴኮንድ ነበር የሚወስድብኝ።» ይሄ ከጩኸት ይብሳል። አሥር ሴኮንድ። እኔ እስከ ሃምሳ ዓመቴ ዳርቻ የተማርኩት ሴትዮ፣ የማላውቀውን አላውቅም ብዬ ማመን ያቃተኝ ለአሥር ሴኮንድ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ብዙ ቀን አሰብኩበት። ጥንቃቄዬ ውሸት አልነበረም፤ የሸፈንኩት ጥርስ ንጹሕ ነበር፣ ቁጥሩ ይነበብ ነበር። ግን ጥንቃቄዬ ሁሉ የሚታየው ላይ ነበር። የማይታየውን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ለመጠየቅ ደግሞ አንድ ሰው ፊት ማፈር ነበረብኝ። እኛ ትልቅ ሰው ሲጠይቀን እሺ ማለት እናውቃለን። እሺ ካልን በኋላ ነገሩ እንዳይታወቅ ማድረግም እናውቃለን። «እንዳይናገሩ» ስላቸው ራሴን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። ሲሊንደሩን የጋገርኩት አንድ ጊዜ ነው፤ አየር ልታስሞላው የነበረችው ግን ያቺ «እንዳይናገሩ» የምትል ቃል ናት። እናንተም እንደዚያ ብላችሁ ያሰራችሁት ሰው ካለ ፍቱት። ዛሬ ደውሉለት። ሳል ሳይዛችሁ።

ጋሽ ደምሴ ሰባት እሑድ አላናገሩኝም። በዚያ በኩል ገብተው በዚያ በኩል ይወጣሉ። ሄለን «ዳዲ ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቪ ብቻ ያያል፣ አንቲ» አለችኝ። ምንም አላደረግኩም። ደክሞኝ ነበር።

በስምንተኛው እሑድ የምስክርነት ሰዓት ላይ ተነሡ። ማይክሮፎኑን ያዙ። ጋሽ ደምሴ መድረክ ላይ ወጥተው አያውቁም።

«ጌታ ከሞት አዳነኝ» ብለው ጀመሩ። ስለ ጠመንጃው ተናገሩ፣ ስለ ሱቁ ተናገሩ፣ ከግማሽ በላይ ስለመሙላቱ ተናገሩ። ሰው እልል አለ። «ዕቃው» አሉ፣ ትንሽ ቆም ብለው፣ «ዕቃው ከፋብሪካው ጀምሮ ችግር ነበረበት።»

ለእኔ ብለው ነው። ተቀይመውኝም፣ ሰባት እሑድ ፊታቸውን አዙረውብኝም፣ አደራዬን አልጣሉም። አራተኛ ጊዜ እየዋሹ ነው፣ አሁን ደግሞ በጉባኤ ፊት፣ በጌታ ስም።

በሕይወቴ ሰው ተሰብስቦ ባለበት ተነሥቼ ተናግሬ አላውቅም። የማስታውሰው የፊት ለፊቱን ወንበር ጀርባ ጨብጬ መቆሜን ነው።

«ፋብሪካው አይደለም» አልኩ። ማይክሮፎን አልነበረኝም፤ ግን ተሰማ። «እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ ምድጃ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንዳይናገሩ ያስማልኳቸውም እኔ ነኝ። እሳቸው የዋሹት በእኔ የተነሣ ነው።»

እልልታው ቆመ። ፓስተሩ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ጋሽ ደምሴ አየ። ሄለን ከኋላ «ኦ ማይ ጋድ» ስትል ሰማኋት። ቁጭ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ወንበሩን እንደጨበጥኩ ቆሜ ቀረሁ።

ጋሽ ደምሴ ማይክሮፎኑን መድረኩ ላይ አስቀመጡ። ደረጃውን ወረዱ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ቀስ ብለው ነው የወረዱት። ወደ ራሳቸው ወንበር አልሄዱም። በእኔ ረድፍ ገቡ፣ የተቀመጡትን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ እያለፉ አጠገቤ ደረሱ። ክርኔን ያዙኝ።

«በይ አሁን ተቀመጪ» አሉኝ በጆሮዬ። «እግርሽ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ተቀመጥኩ። እሳቸውም ተቀመጡ።